ሁለት ጠገራ፣ ሁለት ሌብል

ሥራውን የጀመርኩ ቀን ትኩሳቴን የለካሁት ራሴ ነኝ። እስከ ዋዜማው ድረስ የዚያው ቢሮ ጥበቃ ነበርኩ፤ የሚገባውን ሰው ሁሉ ግንባር ላይ ቴርሞሜትር መደቀን የእኔ ድርሻ ነበር። ያን ቀን ጠዋት በሩ ላይ ቆምኩ፣ ግንባሬ ላይ ደቀንኩ፣ ሠላሳ ስድስት ተኩል አለ። "ግባ" አልኩና ራሴን አስገባሁ።

ቢሮው አቡ ዳቢ ነው። ሰብሳቢዎች ያረጀ ሳንቲም ያመጣሉ፤ እኛ እውነተኛ መሆኑን መርምረን፣ ደረጃ ሰጥተን፣ በጠንካራ ፕላስቲክ አሽገን እንመልሳለን። ፕላስቲኩ አናት ላይ የሳንቲሙን ማንነት የምትናገር ትንሽ ወረቀት አለች፤ ሌብል እንላታለን። ሌብሏን ትጽፍ የነበረችው ፊሊፒናዊት ለዕረፍት አገሯ ገብታ ነበር። ኮሮናው መጣ፣ አውሮፕላን ቆመ፣ እሷም እዚያው ቀረች።

የቢሮው ባለቤትና መርማሪ ሚስተር ፋዲ የሚባል ሊባኖሳዊ ነው። በሩ ላይ አስቁሞ "ታደለ፣ ታይፕ ትችላለህ?" አለኝ። "በእንግሊዝኛም በአማርኛም!" አልኩት። አማርኛውን ማን ጠየቀኝ? እኔ እንደሆንኩ ደስ ሲለኝ አፌ አይሰበሰብልኝም።

ከበር ወደ ወንበር! በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ከሥራ ሲቀነስ እኔ ሹመት አገኘሁ። አንድ ክፍል አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች "ሙዲር፣ አለቃ ሆንክ አሉ" እያሉ አሾፉብኝ። ያሹፉ! ሸሚዜን ተኩሼ ነው የሄድኩት።

ሚስተር ፋዲ ሁለት ሜትር ርቆ ተቀመጠና አስተማረኝ። ሌብል ላይ መጀመሪያ የሳንቲሙ አገር ይጻፋል፣ ቀጥሎ የገንዘቡ ስምና ዓመቱ። ከዚያ የደረጃው ቁጥር። ትልቁ ሰባ ነው፤ ሰባ ያገኘ ሳንቲም እጅ ያልነካው ማለት ነው። ጉዳት ያለበት ሳንቲም ግን ቁጥር አያገኝም፤ በቁጥሩ ፋንታ የጉዳቱ ስም ይጻፍበታል። ታጥቦ ከሆነ ታጥቧል፣ ተበስቶ ከሆነ ተበስቷል። በመጨረሻ ማንም ሌላ ሳንቲም የማይጋራው መዝገብ ቁጥር ይገባል።

"ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አትጨምር" አለኝ። "ሌብል ደብዳቤ አይደለም። ዓመቱንም ሳንቲሙ የሚለውን ጻፍ እንጂ አንተ የምታውቀውን አይደለም።"

ይቺን ነገር ያለው በምክንያት ነው። የመጀመሪያዋ ሌብሌ በእስልምናው አቆጣጠር፣ ሂጅራ ዓመት ለተጻፈበት ሳንቲም ነበረች። እኔ ሐበሻ አይደለሁ? ዘመን መቀየር ለእኛ የዘወትር ሥራ ነው፤ ፓስፖርት ስንሞላ፣ ልደት ስንናገር፣ ሰባት ስምንት ስንደምር ስንቀንስ ነው ያደግነው። ሂጅራውን በራሴ ሒሳብ ወደ ፈረንጅ ቀይሬ ጻፍኩት። ሚስተር ፋዲ አየና "ሳንቲሙ እንዲህ ይላል?" አለኝ። አይልም። ቀደን ጣልናት። ሳንቲሙ ላይ ያለው ዓመት መጀመሪያ ይጻፋል፣ የፈረንጁ በቅንፍ ከጎኑ ይገባል።

ቢሮው በደኅናው ጊዜ ከጥበቃው ሌላ ስድስት ሰው ነበረው፦ ተቀባይ፣ ፎቶ አንሺ፣ ሁለት መርማሪ፣ ሌብል ጻፊ፣ አሻጊ። በኮሮና ሁለት ቀረን። ሚስተር ፋዲ በሩን ዘግቶ ይመረምራል። የቀረው ሁሉ እኔ ነኝ። ትኩሳት መለካቱም አልቀረልኝም።

ሳንቲም የሚመጣው በፖስታ ነው፤ አንድ ፖስታ ውስጥ አንድ ሳንቲም። ፖስታው ላይ የባለቤቱ ስም አለ። ያኔ ቫይረሱ ወረቀት ላይ ይቆያል ተብሎ ስለተፈራ፣ ፖስታው እንደመጣ አይከፈትም። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ሦስት ቀን ይተኛል። ድሮ ሳንቲም እጃችን በገባበት ደቂቃ ፎቶ ይነሳ ነበር፤ አሁን ፎቶውም ሦስት ቀን ይጠብቃል። ከዚያ አንዱን ፖስታ ከፍቶ፣ ሳንቲሙን ትሪ ላይ አድርጎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ መልሶ ከትቶ ነው ሁለተኛው የሚከፈተው። ሁለት ሳንቲም በአንድ ጊዜ አይወጣም። ሕጉ ይኸው ነው። በቃሌ አውቀው ነበር።

አንድ ቀን ሦስት ቀናቸውን የጨረሱ ሁለት ፖስታዎች አወጣሁ። አንዱ ከአል ዐይን፣ አል ጂሚ ከሚባለው ሰፈር የመጣ ነው፤ ላኪው ኻሊድ የሚባል ወጣት ነው። ሁለተኛው እዚሁ አቡ ዳቢ ዳር ካለው አል ፈላሕ፣ አቡ ሰኢድ ከሚባል ሰው። ሁለቱም ቅጹ ላይ የጻፉት አንድ ነው፦ ሪያል ፈረንሲ። ምን ይሆን ብዬ የመጀመሪያውን ከፈትኩ።

ወይ ጉድ! ጠገራ! የእኛው ጠገራ ብር! ያቺ ደረተ ሰፊ ንግሥት፣ ከጀርባዋ ባለ ሁለት ራስ ንስሯ። ለካ እዚህም አገር ስትገበይ ኖራለች፤ ሪያል ፈረንሲ የሚሏት እሷን ነው። ልቤ እንዴት እንደዘለለች አልነግራችሁም። ሁለተኛውን ፖስታ ከፈትኩ፤ እሱም ጠገራ!

ወንድ አያቴ የከብት ነጋዴ ነበሩ፤ በስተርጅና አንዲት ጠገራ አስቀርተው ነበር። ትንሽ ሳለሁ አሳይተውኛል። ጠገራ ሲቀበሉ አይመዝኑም፣ አይነክሱም። የንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይዳስሱና ዙሪያውን ያሉትን ፍሬዎች ይቆጥራሉ። "ዘጠኝ ከሞላች ልጄ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ተቀበል" ይሉ ነበር።

ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ጓንቴን አወለቅኩ፤ አዎ፣ እሱንም አወለቅኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ቆጠርኩ። የአንደኛዋ ዘጠኝ። የሁለተኛዋ ዘጠኝ። "አያ፣ ሁለቱም ሞልተዋል!" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ባዶ ቢሮ ውስጥ። ይኼኔ ስልኩ ጮኸ። ሚስተር ፋዲ ከክፍሉ ነው፤ "ምንድን ነው የምትጮኸው? ትሪው የት አለ?" ይላል። "መጣ መጣ!" ብዬ ጓንቴን አጠለቅኩ፣ አንዷን አንዱ ፖስታ ውስጥ፣ ሌላዋን ሌላው ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ነው በሥርዓቱ አንድ በአንድ አውጥቼ ቁጥር የሰጠሁትና ፎቶ ያነሳሁት።

ከአል ዐይን ነው የተባለው አርባ አምስት አገኘ። ብዙ ያገለገለ ግን ንጹሕ ሳንቲም ማለት ነው። ከአል ፈላሕ ነው የተባለው ቁጥር አላገኘም፤ ሚስተር ፋዲ "የጠርዝ ጉዳት" ብሎ መለሰው። ጠገራ የትም፣ መቼም ትመታ ላይዋ ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው፤ በየትውልዱ ሲመቷት ዓመቷን አልቀየሩላትም። ስለዚህ ሁለቱም ሌብል ላይ 1780፣ ከሥሩ ሚስተር ፋዲ እንዳዘዘኝ "በኋላ ዘመን የተመታ" ብዬ ጻፍኩ። ሌብሎቹ ከደረጃውና ከመዝገብ ቁጥሩ በቀር መንታ ነበሩ። ቀጥ አድርጌ አስገባሁ፣ አሸግኩ፣ ላኩ። እንዴት አምሮባቸው እንደነበር!

በሳምንቱ አቡ ሰኢድ ደወለ። "የእኔ ብር ጠርዙ የተቆረጠ አልነበረም!" አለ። ሚስተር ፋዲ በትሕትና መለሰለት፤ ስልኩን ሲዘጋ ግን ሳቀ። "ሃያ ዓመት ስሠራ 'ሳንቲሜ ጉዳት አለበት' ያለኝ ደንበኛ የለም። ሁሉም የእኔ ንጹሕ ነበር ነው የሚለው።" እኔም አብሬ ሳቅኩ። አፈር ልብላ፣ ሳቅኩ።

በማግስቱ ደግሞ አንዲት ሴት ደወለች። በተሰባበረ ዐረብኛ "ሙዲሩን ስጠኝ" አለች። ድምፅዋን ስሰማ "ሐበሻ ነሽ እንዴ?" አልኳት።

"ወይኔ ወንድሜ! አምላክ ነው ያገናኘኝ!" ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ሙሉ ትባላለች። አል ጂሚ፣ የዚያ የኻሊድ ቤት ሠራተኛ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሥራዋ የኻሊድን አያት ማማ ሞዛን መንከባከብ ነው። ማማ ሞዛ ዓይናቸው ጠፍቷል። ጠገራዋ የእሳቸው ናት፤ ከእናታቸው የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት፣ ቀን ሙሉ ከጣታቸው አትለይም። ኻሊድ "እንዳትጠፋ በክብር ላሳሽግልሽ" ብሎ ነው የወሰደው።

"ታሽጋ ስትመጣ ማማ ያዟትና 'ይሄ ምንድን ነው? ይሄማ ሣጥን ነው' አሉ" አለች ሙሉ። "ኻሊድ ሲወጣ 'አውጪልኝ' አሉኝ። እንቢ ልል? በነጭ ሽንኩርት መውቀጫ ሰበርኩት። ብሯን ዳሰሷትና 'ይህች የእኔ አይደለችም' አሉ። ኻሊድ ሲመጣ ጉድ ፈላ። 'ቢሮው አሽጎ፣ ቁጥር ሰጥቶ ነው የላከው። ፕላስቲኩን የሰበርሽው አንቺ ነሽ። የማማን ብር የት አደረግሽው? በምን ቀየርሽው?' ይለኛል። ሻንጣሽን አዘጋጂ ብሎኛል፤ ነገ ከሰዓት እስኪሆን ካልተገኘ ፖሊስ ጋ ነው። ወንድሜ፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት መርፌ አንስቼ አላውቅም!"

"ቆይ እስኪ፣ አታልቅሺ" አልኳት። "ማማ የእኔ አይደለችም ያሉት በምን አውቀው ነው?"

"የማማ ብር ጠርዟ ላይ ቆረጥ ያለች ቦታ አለቻ! እናታቸው በቢላ ያደረጉባት ናት። ድሮ ሰርግ ሲሆን ሴቶቹ ብር ይዋዋሱ ነበር አሉ፤ እንዳይቀላቀልባቸው እያንዳንዷ የየራሷን ምልክት ታደርጋለች። ማማ ሲያወሩም ሲጸልዩም ጣታቸው እዚያች ላይ ነው።"

የጠርዝ ጉዳት። በእጄ የጻፍኩት።

"መልሼ እደውልልሻለሁ" ብዬ ዘጋሁና ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ስለ ሙሉ አልነበረም። ማን ያውቅብኛል የሚል ነበር። ፎቶው ያለው ሌብሉ እንዳለው ነው፣ መዝገቡም እንደዚያው። ሙሉ ያላት ምስክር አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ብቻ ናት። እኔ ደግሞ ከተናገርኩ ሥራዬ ትሄዳለች፤ ሥራዬ ከሄደች ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ትሄዳለች፤ በዚያ ላይ ኮሮና። ላብ አጠመቀኝ።

ግን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ያቺ ሴት በሰው አገር ካላት ሁሉ የምትተማመንበት ስሟን ነው፤ እሱን የወሰደባት ደግሞ እኔ የጻፍኩት ወረቀት ነው። ተነሳሁና የሚስተር ፋዲን በር አንኳኳሁ።

"ሁለቱን ጠገራ ያቀያየርኩት እኔ ነኝ" አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት።

ሚስተር ፋዲ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ ላይ አወረደ። "ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለምን አወጣህ?"

"አያቴ ትዝ አሉኝ።"

"አያትህ እዚህ ተቀጥረዋል?"

"አልተቀጠሩም።"

"ታዲያ ጠረጴዛዬ ላይ ምን ይሠራሉ?" ብሎ ጮኸ። ተነስቶ ሁለቴ ወዲያና ወዲህ አለ። ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ስጠብቅ ስልኩን አነሳና ለአቡ ሰኢድ ደወለ። "ትናንት ልክ ነበርክ" አለው። "ጥፋቱ የእኛ ነው። ያቺን ብር አትንካት፣ የራስህን ይዤልህ እመጣለሁ።"

አቡ ሰኢድ ግን ነክቷታል። ተናዶ ፕላስቲኩን ሰብሮ፣ ብሯን በአል ዐይን በኩል ስዌይሃን ለሚኖር ብር ሠሪ ሰጥቶታል። "ጠርዟን ሞርዶ እንዲያስተካክልና ለልጄ ሐብል እንዲያደርግልኝ ነው" አለ። "ሰውየው ስልኩን ከትናንት ጀምሮ አያነሳም።"

ሞርዶ እንዲያስተካክል! ያቺ ምልክት በሞረድ ከተላገች ማማ ሞዛ ብሯን በምን ያውቋታል? ሙሉስ ንጹሕ መሆኗን በምን ታሳያለች? ሚስተር ፋዲ የመኪና ቁልፉን ሲያነሳ እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ።

ያኔ ከአቡ ዳቢ አል ዐይን መሄድ በፈቃድ ነበር። ሚስተር ፋዲ ለደንበኛ ዕቃ የሚያመላልስበት ፈቃድ አለው፤ የእኔም የኮሮና ምርመራ ገና የሁለት ቀን ነው። ብቻ ርቀት ጠብቁ ስለተባለ፣ እሱ ፊት ሾፌር ሆኖ እኔ ከኋላ በስተቀኝ፣ የአለቃ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ኬላው ላይ ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ አየን። ሚስተር ፋዲ ሾፌሬ ስለመሰለው እሱን ተወና ወደ እኔ ዞሮ "ወዴት ነው ባባ?" አለኝ። ሚስተር ፋዲ በመስተዋቱ አፈጠጠብኝ። "ስዌይሃን፣ ለሥራ" አልኩ ኮራ ብዬ። ምን ላድርግ? ሌላ ቀን ቢሆን ሳምንት የምስቅባት ነገር ነበረች።

ስዌይሃን ስንደርስ ሱቁ ተዘግቷል። በሩን ደበደብን። ከላይ መስኮት ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። "አትቅረቡ! ኳራንቲን ነኝ!" አሉ። አብሯቸው የሚኖረው ሰው ተይዞ ሆስፒታል ገብቷል፤ እሳቸው አሥራ አራት ቀን እንዳይወጡ ተብለዋል። ስልካቸው ሱቁ ውስጥ ቀርቷል።

"የአቡ ሰኢድ ሪያልስ?" ብዬ ጮኽኩ።

"እዚሁ ናት፤ መሣሪያዬንም ይዤ ነው የወጣሁት። ሥራ ፈትቼ ልሞት ነው፣ አሁን ልጀምራት ነበር!" ብለው ሞረዱን በመስኮቱ አሳዩን።

"ሐጂ! ይጣሉት! ሞረዱን ይጣሉት!" እግሬ መሬት አልያዝ አለ። መንገድ ላይ ያሉ ሰዎች ቆመው ያዩኛል፤ ምን አገባኝ!

ሚስተር ፋዲ አቡ ሰኢድ በስልክ የላከለትን የድምፅ መልእክት ከታች ሆኖ ከፍ አድርጎ አሰማቸው። "የእኔ አይደለችም፣ ስጣቸው" ይላል። ሽማግሌው ብሯን ከነከረጢቷ በገመድ አሰሩና በመስኮት አወረዱልን። እየተወዛወዘች ወረደች፤ በሁለት እጄ ተቀበልኳት። እኔ ሳኒታይዘር ሳወጣ ሚስተር ፋዲ እጄን ያዘኝ። "ሳንቲም አይታጠብም!" አለ። በሽታውን ከእኔ በላይ ይፈራል፤ ሳንቲም ይታጠባል ከሚባል ግን ቢታመም ይሻለዋል። ከረጢቱን ብቻ ጠራረግን። በከረጢቱ ላይ ጠርዟን በጣቴ ዞርኩት። አለች! ከንግሥቲቱ ደረት ግርጌ፣ ጥፍር የምታህል። "አለች!" ብዬ ሚስተር ፋዲን ላቅፈው ነበር፤ ሁለት ሜትር ሸሸኝ።

አል ጂሚ የደረስነው ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በፊት ነው። ማማ ሞዛ የመኪና ማቆሚያው ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ኻሊድ በሩ ላይ ቆሟል። ሙሉ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ቆማለች፤ ከእግሯ ሥር አንዲት ሰማያዊ ሻንጣ አለች። የታሰረች ሻንጣ።

"ሌብሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ በዐረብኛ፣ ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ። "እጄ ላይ ነው የተቀያየረው። ይህች ሴት ምንም አላደረገችም።"

ኻሊድ የተሰባበረውን ፕላስቲክ ከኪሱ አወጣ። ሌብሏ ውስጡ አለች። "እንዴት ይሆናል? ቁጥር አለው። ደረጃ አለው። የእናንተ ማኅተም አለበት" አለ።

ሚስተር ፋዲ መለሰለት። "አለው። የተሳሳተው ሌብላችን ነው።" ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ከአፉ አውጥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ማማ ሞዛ እጃቸውን ዘረጉ። ከረጢቱን ፈትቼ ብሯን መዳፋቸው ላይ አሳረፍኳት። አያቴ ጌጡን ነበር የሚቆጥሩት፤ የማማ አውራ ጣት ግን በቀጥታ ጠርዙን ይዞ ዞረ። ግማሽ ዙር ሳይሄድ ቆመ።

"የእናቴ ቢላ" አሉ። ብቻ ይህን።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። "ሙሉ፣ ነይ" አሉ። ሙሉ መጥታ ተንበረከከች። እጇን ይዘው ጣቷን ምልክቲቱ ላይ አሳረፉት። "ይኸው" አሏት፣ "አልኩሽ አይደል?" ሙሉ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እኔም ማስኬ ረጠበ፤ አልደብቅም።

ኻሊድ አንገቱን ደፋ። ደግ ልጅ ነው በእውነቱ፤ ወረቀት አምኖ ነው። "ሙሉ፣ ይቅር በይኝ" አለ።

ሙሉ ፊቷን ጠረገች፤ አየችው። "ሻንጣዬን መልሰህ አስገባልኝ" አለችው።

አነሳትና አስገባላት። እስከ ክፍሏ ድረስ።

ሚስተር ፋዲ ለማማ ያለ ክፍያ በአዲስ ፕላስቲክ ላሽግልዎት ብሎ ጠየቀ። ማማ ሳቁበት። "ሣጥን ውስጥ ማን ያወራታል?" አሉ። የአቡ ሰኢድን ጠገራ ተቀብለን ወጣን፤ እሷ አርባ አምስቷን ይዛ፣ በስሙ ታሽጋ አል ፈላሕ ገባች።

ስንመለስ ሚስተር ፋዲ ከኬላው በኋላ "ከነገ ጀምሮ በሩ ላይ ነህ" አለኝ። ኸላስ፣ አለቀ። አልተከራከርኩም፤ ሲያንስ እንጂ አይበዛም። ሁለት ወር ግንባር ስለካ ከረምኩ። ሌብሉን ራሱ ነበር የሚጽፈው፤ ጠማማ ነው የሚያስገባት። በሩ ላይ ሆኜ ሳያት ያንገበግበኝ ነበር።

በሁለት ወሩ ጠራኝና አንድ ወረቀት ሰጠኝ። መቀበያ ቅጹ ነው። ከስምና ከስልክ ቀጥሎ አዲስ መስመር አስገብቷል፦ "ይህን ሳንቲም በምን ያውቁታል?" ይላል። "ይህ መልስ ሌብሉ ጀርባ ላይ ይጻፋል" አለኝ። "ሌብል ደብዳቤ አይደለም ያሉኝስ?" አልኩት። "አሁንም አይደለም። ዝም ብለህ ጻፍ" አለና በሩን ዘጋ።

ከዚያ ወዲያ ስንት ነገር ጻፍኩ! "አባቴ ልጅ ሳሉ በምስማር የፊደል ቅርጽ ጭረውበታል።" "ንስሩ ግራ ዓይን የለውም፤ እህቴ ናት ያጠፋችው።" አንዱ "አላውቀውም፣ ትናንት ገዛሁት" ብሎ ሞላ፤ እሱንም ጻፍኩለት። ቢላ የነካው ጠርዝ ሲመጣ ባለቤቱን ሳንጠይቅ ጉዳት ማለት ቀረ። ባለቤቱ የቤቴ ምልክት ነው ካለ፣ የባለቤት ምልክት ብለን እንጽፋለን። ቁጥር አሁንም አያገኝም። ስም ግን አገኘ።

ዘንድሮ ወንበሩን ለእናንተ፣ ለአዲሶቹ ሌብል ጻፊዎች አስረክቤ አገሬ እገባለሁ። ሙሉ አሁንም አል ጂሚ ናት፤ በበዓል እንደዋወላለን፣ "ዛሬስ የማንን ብር አቀያየርክ?" ትለኛለች። ያቺን ከፕላስቲኩ የወጣችውን ሌብል ኻሊድን ለምኜ ወስጃታለሁ፤ መሳቢያው ውስጥ ትቼላችኋለሁ። እዩዋት። አንድ የፊደል ስሕተት የለባትም፣ ቀጥ ብላ ነው የገባችው።

እንግዲህ የማስረክባችሁ ይህ ነው። ሁለት ሳንቲም በአንድ ጊዜ ከፖስታ አታውጡ። ከማሸጋችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። ስትሳሳቱ ደግሞ በዚያው ቀን ተናገሩ፤ የሆነ ቤት ውስጥ ሻንጣዋን አስራ የቆመች ሰው ልትኖር ትችላለች።